መልስ፦ ከባሕር ሞገድ መብራት እንዴት ይወጣል?

ወንድሜ፣ ግሩም ጥያቄ ነው። ቡይ (ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ፣ ከታች የታሰረ ነገር) እንዴት መብራት ያመነጫል፣ ጣና ላይስ አይሠራም ወይ ነው ያልከው።

ሞገዱ ቡዩን ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። በስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ሥራ፣ ቡዩ ከባሕሩ ሥር መሬት ላይ ከተቀመጠ ጄነሬተር ጋር በገመድ ይያያዛል። ገመዱ ሲጎትት ማግኔቶቹ በመዳብ ጥቅል መሃል ይመላለሳሉ፤ ኤሌክትሪክ የሚፈጠረው እዚያ ነው። በዘይት ግፊት ሞተር የሚያሽከረክሩም አሉ።

ይህን በትንሹ ራስህ መሞከር ትችላለህ። አራት ኪሎ ስለሆንክ መርካቶ ሩቅ አይደለም። ሞተር ከሚጠመጥሙ ቤቶች ቀጭን የመዳብ ሽቦ ግዛ። ፕላስቲክ ቱቦ ላይ ደህና አድርገህ ብዙ ዙር ጠምጥም። ጫፎቹን ፋቅ ፋቅ አድርግና ትንሽ ኤልኢዲ (LED) አምፖል አያይዝ። ጠንካራ ማግኔት ቱቦው ውስጥ ከትተህ ቶሎ ቶሎ ነቅንቅ። ብልጭ ሲል ደስ ይላል!

ጣና ግን አያዋጣም ባይ ነኝ። የሞገድ ቁመት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ውቅያኖስ ላይ ነፋሱ ውሃውን በሺህ ኪሎ ሜትር እየገፋ ያሳድገዋል። ጣና ርዝመቱ 100 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም።

ባሕሩም ቢሆን ቀላል አይደለም፤ ጨው ብረቱን ይበላል፣ ማዕበል ሰንሰለት ይበጥሳል። ለትንሽ ሥራ ግን ቆይቷል፦ ጃፓናዊው ዮሺዮ ማሱዳ የፈጠረው፣ በሞገድ የሚበራ የመርከብ ምልክት ቡይ ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገበያ ላይ ውሏል።