ስንዴው ረከሰ፤ ማሳውስ ማን እጅ ነው?

ጥያቄ፦ «ስንዴ አምራች ነኝ። ማዳበሪያው፣ የትራክተርና የኮምባይነር ኪራዩ ሲደመር ሽያጩ ወጪዬን አልሸፈነም። መንግሥት ልዩነቱን እንዲከፍለኝ በሕግ መጠየቅ እችላለሁ? ዘንድሮማ ለማዳበሪያ ከጎረቤቴ ብር ወስጄ፣ እስክመልስለት ግማሹን ማሳ እሱ እያረሰው ነው።»

መልስ፦ የጠየቁኝን ባጭሩ ልጨርሰው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41(8) ገበሬ ለምርቱ ተገቢ ዋጋ የማግኘት መብት አለው ይላል። ወረድ ብሎ ግን ይህ መንግሥት ፖሊሲ ሲያወጣ የሚመራበት ዓላማ መሆኑን ይናገራል። ስለዚህ «ኪሳራዬን ይተካልኝ» ብለው ቢከሱ የሚያዋጣዎት አይመስለኝም። የማዳበሪያ ድጎማም ቢሆን ከመሸጫ ዋጋው ላይ ይቀነሳል እንጂ በእጅ አይሰጥም። የማኅበር ዕዳ ካለብዎ መክፈያ ቀኑ ሳያልፍ የማራዘሚያ ጥያቄ በጽሑፍ ያስገቡ። ማህተም ያረፈበት ቅጂም እጅዎ ላይ ይቅር። ለከርሞ ደግሞ የግብርና ምርት ውል አዋጅ ቁጥር 1289/2015 አለልዎት፤ ከመዝራትዎ በፊት ከገዢ ጋር በጽሑፍ ይዋዋሉ።

አሁን ወደ መጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ልምጣ። ጣል አድርገዋት አለፉ፤ እኔን ግን ያስጨነቀችኝ እሷ ናት። ስሙን አልጠሩትም እንጂ ያደረጉት ወለድ አገድ ነው፤ አበዳሪው ብሩ እስኪመለስለት በወለድ ፋንታ ማሳውን የሚጠቀምበት ውል ማለት ነው።

በዚህ ጉዳይ ቢሮዬ የመጣ ገበሬ ብዙ ነው። ከኮቱ ኪስ አራት ላይ የታጠፈች የደብተር ወረቀት ያወጣል። «ብሩን እስኪመልስ ያርሳል» ትላለች። ሥሯ የሦስት ሽማግሌ አሻራ አለ። ቀን የላትም፣ የማሳው ስፋት የለም፣ አዋሳኝ የለም፣ የሚስት ፊርማ የለም። የእርስዎ ወረቀት ከዚህ ይሻላል? ወይስ ጭራሽ ወረቀትም የለ?

አይቆጡኝና፣ ሒሳቡን አብረን እናስላው። ጎረቤትዎ ምርቱን የሚወስደው በወለድ ፋንታ ነው። ዋናው ዕዳ አንድ ብር አይቀንስም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2479 ለገንዘብ ብድር በዓመት ከ12 በመቶ በላይ ወለድ አይፈቅድም። የግማሽ ማሳዎ የአንድ ዓመት ስንዴ ከተበደሩት ብር ስንት በመቶ ይሆናል? እርስዎስ በቀረችው ግማሽ ማሳ ቤተሰብ እየቀለቡ ብሩን ከየት ያጠራቅማሉ? ዓመት ዓመትን ይወልዳል፤ አንድ ቀን ጎረቤትዎ «ድሮ የሰጠኝ ነው» ብሎ ቁጭ ይላል።

መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40(3) ግልጽ ነው። ማከራየት ይቻላል። እሱም በጽሑፍ፣ በባለይዞታዎቹ ሁሉ ስምምነት፣ በወረዳው መሬት አስተዳደር ተመዝግቦ ነው። የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324/2016 የመጠቀም መብትን ለአበዳሪ ተቋም በዋስትና ማስያዝን ፈቅዷል። ጎረቤትዎ ግን አበዳሪ ተቋም አይደለም። ዝርዝሩ በየክልሉ ይለያያል፤ እርስዎ ደግሞ የትኛው ክልል እንዳሉ አልጻፉልኝም። ባለቤትዎ ስለዚህ ነገር ያውቁ እንደሆነም አልነገሩኝም። ይዞታው የጋራ ከሆነ ያለ እሳቸው ስምምነት የተደረገው ውል ሊፈርስ ይችላል።

ውሉ ቢፈርስም ብሩ አይሰረዝም። ሁለታችሁም ወደነበራችሁበት ትመለሳላችሁ፤ እሱ ማሳውን ይለቃል፣ እርስዎ ገንዘቡን ይመልሳሉ። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በምስክር ብቻ ስለማይረጋገጥ (የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2472) «ይክደዋል፣ እክደዋለሁ» ወደሚል ጨዋታ እንዳትገቡ። ያመነዎትን ሰው እምነት መክፈልም አለ።

አደራ፣ ተናደው በሬ ጠምደው እንዳይገቡበት! ማሳውን የያዘው እሱ ነውና «ሁከት ይወገድልኝ»፣ ማለትም የያዝኩትን መሬት አይንካብኝ ብሎ ይከስዎታል። ያኔ ባለመሬቱ እርስዎ ተከሳሽ ሆነው ይቆማሉ። መጀመሪያ በሽማግሌ ያነጋግሩት። የመመለሻው ቀን ይቆረጥ፣ እስካሁን የሰበሰበው ምርት ይታሰብ፣ የተስማማችሁትም ይጻፍ። ከመፈረምዎ በፊት ረቂቁን ለጠበቃ ያሳዩ። የወረዳው ፍትሕ ጽሕፈት ቤትም ጠጋ ብለው ይጠይቁ። እኔ ወረቀቱን ሳላይ ከዚህ በላይ ብናገር ላሳስትዎት እችላለሁ።

ሲሄዱ የማዳበሪያውን ደረሰኝ፣ ያቺን ወረቀት ካለች፣ የምስክሮቹን ስም፣ የይዞታ ደብተሩንና ባለቤትዎን ይዘው ይሂዱ። ደብተሩን «መያዣ» ብለው ለጎረቤትዎ ሰጥተውት ከሆነ ደግሞ ለሽማግሌዎቹም ለጠበቃውም መጀመሪያ የሚነግሯቸው እሱን ይሁን።