የፋይናንስ ጉባኤ ለምታዘጋጁ ወጣት መምህራን

ውድ ልጆቼ፣

በቢዝነስ ትምህርት ቤታችሁ የፋይናንስ ጥናት ጉባኤ ልታዘጋጁ እንደሆነ ሰምቼ ነው ይህን መጻፌ። ብዙ ጉባኤ አዘጋጅቻለሁ፤ ከዚያ የሚበልጠውን ታድሜያለሁ። ስለ አዳራሽና ስለ ባነር የሚነግራችሁ ሰው አታጡም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ጉባኤ የሚጠራው ጥናት ዐዋቂ ሰው ፊት ቀርቦ እንዲፈተን ነው። እኛ ዘንድ ግን ሰዓት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጠው ይኸው ፈተና ነው። የክብር እንግዳው ይዘገያሉ፣ የመክፈቻ ንግግሩ ይረዝማል፣ ለውይይት የተያዘው ጊዜ ይሸራረፋል። አቅራቢው ስላይዱን እያጣደፈ ይጨርሳል፣ ይጨበጨብለታል፣ ሰርተፍኬቱን ይቀበላል፤ ጥናቱም እንደመጣ ይመለሳል። ዓመት ሙሉ የደከመበት ልጅ አንድም የሚረባ ጥያቄ ሳይጠየቅ ወደ ቤቱ ሲሄድ ማየት ያሳዝነኛል።

ደግሞም የእናንተ ዘመን እንዲህ ያለ ብክነት የሚችል አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በመንፈቁ፣ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በይፋ ተከፈተ፤ ወጋገን ባንክም በመጀመሪያ ተመዝጋቢነት ገባ። የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 1360/2017 ለውጭ ባንኮች በር ከፍቷል። በንጉሡ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ አክሲዮን ይገበያይ ነበር፤ ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ያ ቀረ። የእኔ ትውልድ መምህራን ስለ አክሲዮን ዋጋ ስናስተምር ምሳሌ የምንጠቅሰው ከኒው ዮርክ ነበር። እናንተ ከሰንጋ ተራ እስከ ስታዲየም በእግራችሁ ብትሄዱ ብሔራዊ ባንክን፣ የንግድ ባንክን ረጅም ሕንፃና የግል ባንኮችን ዋና መሥሪያ ቤቶች እያያችሁ ታልፋላችሁ። የምታጠኑት ነገር በራችሁ ላይ ነው።

በፋይናንስ ሙያ አንድ መልካም ልማድ አለ። በአሜሪካ ፋይናንስ ማኅበር ዓመታዊ ስብሰባም ሆነ በሌሎች ትልልቅ ጉባኤዎች ለሚቀርበው ጽሑፍ ዲስካሰንት ይመደብለታል። ይህ ሰው ጽሑፉን ከሳምንታት በፊት ይቀበላል፣ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ሠንጠረዥ ያነባል፣ አቅራቢው እንደጨረሰ ተነስቶ ጥንካሬውንም ድክመቱንም በሰው ፊት ይናገራል። ለአቅራቢው 20 ደቂቃ፣ ለዲስካሰንቱ 10፣ ለታዳሚው 10 ስጡ። በአንድ ሰዓት ተኩል ሁለት ጽሑፍ ብቻ ይስተናገዳል ማለት ነው። «ታዲያ ለሌላው የት ቦታ ይገኛል?» የሚል የኮሚቴ አባል ይነሳል። ቦታ አይገኝለትም፤ ጥቂት ምረጡና በደንብ አድምጡ።

ጥቅሙን በምሳሌ ላሳያችሁ። አንዲት ወጣት መምህርት ስለ 27 በመቶው መመሪያ ጥናት ይዛ ቀረበች እንበል። መመሪያው ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የግል ባንኮች ከሚሰጡት አዲስ ብድር የ27 በመቶውን ያህል የብሔራዊ ባንክ የዕዳ ሰነድ እንዲገዙ ያስገድድ ነበር፤ በ2012 ዓ.ም. ተነሳ። የመንግሥት ባንኮችን አይመለከትም ነበር። እሷም የግሎቹን ከመንግሥቶቹ ጋር፣ ከመመሪያው በፊትና በኋላ አነጻጽራ፣ የግሎቹ የብድር ዕድገት በመመሪያው ተገትቷል ብላ ደመደመች። ያላነበበ ዲስካሰንት «ርዕሱ ወቅታዊ ነው፤ ናሙናው ቢሰፋ ጥሩ ነው» ብሎ ይቀመጣል። ያነበበው ግን እንዲህ ይላታል። «በእነዚያ ዓመታት ንግድ ባንክ በየከተማው ቅርንጫፍ እየከፈተ ተቀማጭ ይሰበስብ ነበር፤ ልዩነቱ የመጣው የግሎቹ እጅ ስለታሰረ ነው ወይስ ንግድ ባንክ በራሱ ምክንያት ስለሰፋ? የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ በ2008 ዓ.ም. ከንግድ ባንክ ጋር ሲዋሃድ መረጃሽ ላይ ምን አደረግሽው? ደግሞ መመሪያው የሚይዘው አዲስ ብድርን ነው፤ አንቺ የለካሽው ግን በዓመቱ መጨረሻ ያለውን ጠቅላላ የብድር ቀሪ ነው።»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ጥናቱን አያፈርሰውም። ሰነዱ የሚገዛው በየአዲሱ ብድር ስለሆነና ገንዘቡም ለዓመታት ታስሮ ስለሚቆይ፣ ቶሎ ቶሎ እየተመለሰ እንደገና የሚሰጥ የአጭር ጊዜ ብድር የሚያበዛ ባንክ ከሌላው ይበልጥ ይጨናነቃል። ስለዚህ የግል ባንኮቹን እርስ በርስ ማነጻጸር እንደሚሻል እዚያው አዳራሽ ውስጥ ፍንጭ ይገኛል። ልጅቷ ከአንድ ቀን ጉባኤ የሁለት ዓመት ሥራ ይዛ ትወጣለች። እኔ ጉባኤ የምለው ይህንን ነው።

እዚህ ላይ ይሉኝታ ይጣላችኋል። በእኛ አገር የታላቅን ጽሑፍ በአደባባይ መንቀፍ እንደ ድፍረት ይቆጠራል፤ የታናሽንም መንቀፍ ልጁን ማሳፈር ይመስላል። ሁሉም ሆዱ ውስጥ ይዞት ይቀራል፤ በኋላ ሻይ ላይ ለጎኑ ሰው ያወራዋል። ይህን የምትለውጡት በንግግር ሳይሆን በአሠራር ነው። ዲስካሰንቱ አስተያየቱን ከጉባኤው ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ለአቅራቢው በጽሑፍ እንዲልክ አድርጉ፤ አቅራቢው ያልጠበቀው ዱላ አያርፍበትም፣ መልሱንም አስቦ ይመጣል። የመድረክ መሪው ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች ለማስተርስ ተማሪዎች ይስጥ። አንጋፋው ፕሮፌሰር ከፊት ወንበር ቀድመው እጅ ካወጡና ሰፊ አስተያየት ከሰጡ በኋላ የትኛው ተማሪ ይናገራል? ፕሮፌሰሩን አስቀድማችሁ በአክብሮት አስረዷቸው። እውነተኛ መምህር ከሆኑ ደስ ይላቸዋል። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ቢቀርብም ጥያቄ በአማርኛ ይፈቀድ፤ ለሃያ ዓመት ብድር ሲያጸድቁ የኖሩ የባንክ ሰው በእንግሊዝኛ ላለመሳሳት ብለው ዝም ካሉ የከሰረው ጉባኤው ነው።

ስለ መክፈቻው አንድ ሐሳብ አለኝ፤ ዲናችሁን ማሳመን ይከብዳችሁ ይሆናል። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ በቀጥታ በጽሑፍ ጀምሩ። የመክፈቻ ንግግሩንና የክብር እንግዳውን ከሻይ ዕረፍት በኋላ 5 ሰዓት ላይ አድርጉት። ክቡርነታቸው ቢዘገዩም የማንም ጥናት አይነካም፤ ቀደም ብለው ከደረሱ ደግሞ ቁጭ ብለው ያዳምጣሉ፤ ይህም ለባለሥልጣን የሚገባ ክብር ነው። በፕሮግራሙ ላይ የኛንም የፈረንጆቹንም ሰዓት ጎን ለጎን ጻፉ። 3 ሰዓት ተብሎ የተነገረው የውጭ እንግዳ ከምሳ በኋላ ሊመጣ ይችላልና።

ቀኑን ስትመርጡ የባንኮቹን ዓመት አትርሱ። ሰኔ የባንክ ሰው ሂሳብ የሚዘጋበት ወር ስለሆነ ብትጋብዙትም አይመጣም። ዩኒቨርሲቲውም ሰኔ 30 በጀቱ ስለሚዘጋ ያልተወራረደ ክፍያ መከራ ይሆንባችኋል። የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች በሚሰበሰቡበት የየካቲት ሳምንት ሆቴሉም መንገዱም አይገኝም። እኔ ብሆን ከፋሲካ በኋላ ግንቦትን እመርጣለሁ፤ የጽሑፍ ጥሪውንም በጥቅምት አወጣለሁ። ግዥ ክፍል ሦስት ፕሮፎርማ እስኪያሰባስብ ድረስ ምን ያህል እንደሚቆይ ታውቁታላችሁና የምሳውንና የኅትመቱን ጥያቄ ቀደም ብላችሁ አስገቡ። ከበዓለ ኀምሳ ውጭ ረቡዕ ወይም ዓርብ ላይ ከዋለ የጾም ምግብ ይኑር።

ጽሑፍ መምረጥ ላይ ግን ቸኩላችሁ አትለፉ። ስም ሸፍኖ መገምገም ደንብ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ግን ስም መሸፈን ብቻውን አይበቃም። ርዕሱንና መረጃውን ያየ ሰው የማን አማካሪ ተማሪ እንደሆነ ወዲያው ያውቃል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጽሑፍ ከሁለቱ ገምጋሚዎች አንዱ ከከተማው ውጭ ይሁን፤ ከባሕር ዳር፣ ከጅማ፣ ከሐዋሳ፣ ከመቀሌ ይምጣ። ለምርጫው የተስማማችሁበትን መመዘኛ ጥሪው ላይ አስቀድማችሁ አትሙ። ያኔ «የእኛ ትምህርት ክፍል ጽሑፍ ለምን ቀረ?» ብሎ ለሚመጣ የሥራ ባልደረባ የምታሳዩት ነገር ይኖራችኋል። ባንክ ስፖንሰር ሲሆን ገንዘቡ ለምሳና ለኅትመት ይዋል፤ በጽሑፍ መረጣ ኮሚቴ ውስጥ ወንበር አይኑረው። ይህን በደብዳቤ ላይ አስፍሩት፤ በቃል የተባለ ነገር ይረሳል።

የባንክ ሰዎችን ለጭብጨባ አትጋብዟቸው። የአገራችን የፋይናንስ ጥናት ትልቁ ችግር መረጃ ነው። የባንኮች ዓመታዊ ሪፖርት ይገኛል፤ ብሔራዊ ባንክም የሩብ ዓመትና ዓመታዊ ሪፖርት ያወጣል። ማን ተበደረ፣ በምን ማስያዣ፣ መቼ መክፈል አቃተው የሚለው ዝርዝር ግን ባንኩ ጋ ነው ያለው። የብድር ኃላፊው በገዛ ሥራቸው ላይ የተሠራ ጥናት ሲፈተን ቁጭ ብለው ካዩ፣ መረጃ የሚጠይቃቸው ልጅ ምን እንደሚሠራበት ይገባቸዋል። በሻይ ዕረፍቱ አጥኚውን ራሳችሁ ይዛችሁ ሄዳችሁ አስተዋውቁት። እሱም አንድ ገጽ ደብዳቤ በእጁ ይኑር፤ ከየትኛው ዓመት እስከ የትኛው፣ የትኛው የብድር ዓይነት፣ የደንበኛ ስምና የሂሳብ ቁጥር ወጥቶ፣ መረጃው የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚያየው ተጽፎ። «መረጃ ትብብር እንዲደረግልን» የሚል ደብዳቤ መዝገብ ቤት ገብቶ ይቀራል። ዝርዝሩ ያለበት ደብዳቤ ግን ኃላፊው ለሕግ ክፍላቸው ሊያሳዩት የሚችሉት ነገር ነው።

ጉባኤው ሲያልቅ ሥራው አያልቅም፤ ድካሙ ግን ያን ጊዜ ስለሚመጣ ብዙ ኮሚቴ እዚያ ላይ ይበተናል። በየክፍለ ጊዜው አንድ ተማሪ ጥያቄዎቹን እንዲጽፍ መድቡ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለየአቅራቢው ይላክ። ላልተመረጡትም የገምጋሚዎቹን ማስታወሻ ላኩላቸው። «ስላልተመረጠ እናዝናለን» የሚል አንድ መስመር ደርሶት መጻፍ የተወ ጎበዝ ልጅ አውቃለሁ፤ ሁለት አንቀጽ ምክንያት ቢሰጠው ኖሮ አስተካክሎ ይመጣ ነበር። የገምጋሚዎቹን ስምና አድራሻ፣ በጀቱን፣ የደብዳቤዎቹን ቅጂ በአንድ ፋይል አስራችሁ ለትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ አስረክቡ፤ የሚቀጥለውን ዓመት ጉባኤ የሚያዘጋጁት ሌሎች ልጆች ናቸውና።

አክባሪያችሁ
አንድ አንጋፋ የፋይናንስ መምህር