ስለ ቻፕሊን «ሞደርን ታይምስ» ለጠየቃችሁኝ

ባለፈው ስለዚህ የቻርሊ ቻፕሊን የፋብሪካ ሰራተኛ አስቂኝ ፊልም ነካ አድርጌ ባልፍ ኢንቦክሴ ሞልቶ ጠበቀኝ። ለሁሉም አልደርስም፣ እስቲ ለጥቂቶቹ (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው)።

«ድምፅ ያለው ፊልም በ1927 ከመጣ ቻፕሊን በ1936 ለምን ዝም ያለ ፊልም ሰራ? ብር አጥሮት ነው?»

ኧረ ብሩስ ሞልቶት ነበር! ያ ራሱ የሚጫወተው ባለ ከዘራው ሰውዬ አፉን ከከፈተ አበቃለት ብሎ ስለሚያምን ነው። ግን ፊልሙ ጭራሽ ዝም ያለም አይደለም፣ ማን እንደሚያወራ ልብ በሉ፦ አለቃው በስክሪን፣ የምሳ ማሽኑ ሻጭ በሸክላ፣ ደግሞ ሬዲዮ፣ በቃ ማሽን ብቻ ነው የሚያወራው። ምስኪኑ ሰራተኛ ሽንት ቤት ገብቶ ሲጋራ ሊለኩስ ሲል አለቃው ግድግዳው ላይ ግጥም ብሎ ወደ ስራህ ይለዋል፣ በ1936 እኮ ነው የምላችሁ።

«ምሳ የሚያበላው ማሽን የእውነት ነበር እንዴ?»

ፈጠራ ነው። ሃሳቡ ግን ሰራተኛው ለምሳ ብሎ ስራ እንዳያቆም ነው፣ ይሄ ደግሞ ብዙ አለቃ የሚመኘው ነው መቼስ። ሾርባው ደረቱ ላይ ይደፋል፣ በቆሎው አፉ ላይ እንደ መጋዝ ይሽከረከራል፣ ጠጋኞቹ ሳህኑ ላይ የረሱትን ዳዶ ሁሉ ሳይቀር ያጎርሰዋል፣ መሃል መሃል ላይ ደግሞ በጨዋነት አፉን ይጠርግለታል (እኔን የሚገለኝ እሷ ነች)። ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው የሚለውን ማሽኑ ቃል በቃል ነው የወሰደው። አለቃው ግን ያልገዛው ሰውየው ስለተሰቃየ አይደለም፣ አያዋጣም ብሎ ነው።

«ሃሳቡን ከየት አመጣው?»

ራሱ እንደጻፈው አንድ ወጣት ጋዜጠኛ ስለ ዲትሮይት የመኪና ፋብሪካዎች አጫወተው፣ ከእርሻ የመጡ ጤነኛ ልጆች መገጣጠሚያው መስመር ላይ አራት አምስት ዓመት ሰርተው ነርቫቸው ይቃወሳል ብሎ። መኪና ሰሪው ፎርድ በ1913 መኪናው በሰራተኞቹ ፊት እያለፈ የሚገጣጠምበትን ተንቀሳቃሽ መስመር ካስገባ በኋላ አንድ መኪና ለመገጣጠም 12 ሰዓት ተኩል ይፈጅ የነበረው ወደ ሰዓት ተኩል ወርዷል፣ እንግዲህ ያ የተረፈው ሰዓት ከማን ጉልበት እንደወጣ አስሉት።

«ኮሚኒስት ነበር ይባላል?»

እሱ አይደለሁም ብሏል፣ አሜሪካኖቹ ግን አላመኑትም፣ በ1952 በመርከብ ወደ ለንደን ሲሄድ የመመለሻ ፈቃዱን ሰረዙበት። ፊልሙ ላይ ያለችው ቀይ ባንዲራ እንኳ ከጭነት መኪና የወደቀች ናት፣ ሊመልስላቸው እያውለበለበ ሲሮጥ ሰልፈኛው ከኋላው ይመጣና መሪ ነህ ተብሎ ይታፈሳል።

«መጨረሻ ላይ የሚዘፍነውን ዘፈን አባዬ ጣልያንኛ ነው ይላሉ፣ እውነት ነው?»

የጣልያንኛና የፈረንሳይኛ ድምፅ አለው እንጂ ቋንቋ አይደለም እህቴ። ግጥሙን ፊልሙ ላይ ያለችው ጓደኛው እጅጌው ላይ ጽፋለት ነበር፣ ሲደንስ እጅጌው ተፈትልኮ ሲበር ጊዜ ያፉን ዝም ብሎ ቀባጠረው፣ የዓለም ህዝብ ድምፁን በፊልም መጀመሪያ የሰማው ያኔ ነው። ግን አባትሽን ዘፈኑ ስለምንድነው ብለሽ ጠይቂያቸው፣ ወፍራሙ ሰውዬ ልጅቷን በቀለበት ሲያባብል መሆኑን ከእጁ አይተው ይነግሩሻል።