ጥያቄና መልስ፦ ለከፈለው ሰው ምን እንስጠው? ጋሽ ዲስኬት ስለ ክራክና ስለ ገዢ ይመልሳሉ

ጋሽ ዲስኬት፦ እንደምን አመሻችሁ። ባለፈው ሳምንት «ጌም ሳይከፍሉ የሚጫወቱትን ከማሳደድ ይልቅ የከፈሉትን ብንሸልምስ» የሚለው ክርክር ሳያልቅ ስለቀረ፣ ዛሬ ጥያቄ እቀበላለሁ ባልኩት መሠረት መጥቻለሁ። ለማታውቁኝ፣ ከፍሎፒ ዘመን ጀምሮ የኮምፒውተር ጌም ስሠራና ስሸጥ የኖርኩ ነኝ፤ አሁን ትንንሽ ቡድኖችን አማክራለሁ። ክራክ፣ ማለትም መከላከያው ተሰብሮ በነፃ የሚሠራጭ ቅጂ፣ የት ይገኛል ለሚል መልስ የለኝም። የጌሙን ዓይነት ሳይነግረኝ «ምን ላድርግ» ለሚለኝም የለኝም። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው።

ማሙሽ99፦ ጋሼ፣ ክራክን ለማስቆም ምርጡ መንገድ ምንድን ነው?

ጋሽ ዲስኬት፦ አይቆምም። ቀጣይ።

ማሙሽ99፦ እንዴ፣ ይቺው ናት መልሱ?

ጋሽ ዲስኬት፦ ጥያቄውም ይቺው ናት። ምን ዓይነት ጌም? ለብቻ የሚጫወቱት ነው በኢንተርኔት? ይዘህ ተመለስ።

ፒክሰሏ፦ እኔ ዝርዝሩን ይዣለሁ። ሁለት ሆነን የሠራነው፣ ለብቻ የሚጫወቱት የከተማ ግንባታ ጌም አለን። በወጣ በሦስተኛው ቀን ክራኩ ተለቀቀ። መገልበጥን የሚከለክል መከላከያ የምንገዛበት አቅም የለንም። የገዙትን ሰዎች «እንኳን ገዛሁ» የሚያሰኝ ነገር መስጠት እንፈልጋለን፤ ግን ምን ብንጨምር አብሮ ይገለበጣል። የማይገለበጥ ምን አለ?

ጋሽ ዲስኬት፦ ጥያቄ ማለት ይኸ ነው። እህቴ፣ ረዘም ስለሚል ታገሺኝ።

ፋይል ሁሉ ይገለበጣል። የማይገለበጠው ከፋይሉ በኋላ በየጊዜው የሚመጣው ነው። ስታርዶክ የተባለው ኩባንያ በ2008 ሲንስ ኦፍ ኤ ሶላር ኢምፓየርን ሲያወጣ ዲስኩ ላይ ምንም መከላከያ አላደረገበትም። ገልብጠህ ለጎረቤት ብትሰጠው ይሠራል። አፕዴት የሚደርሰው ግን የገዛበትን ቁጥር ላስመዘገበ ሰው ነበር። ጌሙም ጥሩ ተሸጠ።

ምሥጢሩ ይኸውልሽ። ክራክ የተደረገው ቅጂ ያቺ የተሰበረባት ቀን ላይ ቀርቷል። አንቺ በሳምንቱ የታረመውን እትም፣ 1.1ን፣ ታወጫለሽ፤ ሴቩን (ተጫዋቹ የደረሰበትን የሚያስቀምጠውን ፋይል) የሚያበላሸው ስህተት ታርሟል፣ ድልድይ መሥራት ተጨምሯል። የገዛው ሰው ማታ ኮምፒውተሩን ሲከፍት ወርዶ ይጠብቀዋል። ያልገዛው እንደገና ፍለጋ ይወጣል። ያገኘው ፋይል ቫይረስ ይኑርበት አይኑርበት አያውቅም። አውርዶ ሲጨርስ የድሮ ሴቩ አልከፈት ይለዋል። ሌላ ተጫዋች ለጌሙ የሠራውን ተጨማሪ፣ ሞድ የሚሉትን፣ ሲያስገባ ደግሞ «1.2 ያስፈልጋል» ይባላል። ሦስት አራት ጊዜ እንዲህ ከተንከራተተ በኋላ ዋጋው ከልፋቱ ያነሰ ሆኖ ይታየዋል። ሁሉም ይገዛሉ አላልኩም። ከእነሱ ወገን የሚገዛ ካለ ግን በዚህ በር ነው የሚገባው።

ስለዚህ በመጀመሪያው ወር አንድ ትልቅ አፕዴት ከምታወጪ አራት ትንንሽ አውጪ። ሴቩን ደመና (የኢንተርኔት ማከማቻ) ላይ አስቀምጪለት፤ ሞድ የሚለዋወጡበትን ስፍራ በመደብሩ በኩል ክፈቺ፤ ስቲም በተባለው የጌም መደብር ወርክሾፕ የሚሉት ከ2011 ጀምሮ ለዚሁ አለ። ስታርዲው ቫሊ በ2016 ወጥቶ፣ 1.6 የተባለው ትልቅ አፕዴት በ2024 ሲመጣ ቀድሞ ለገዛ ሁሉ በነፃ ነው የደረሰው። ሰው ስምንት ዓመት ሙሉ እንዲህ ከተደረገለት ጌሙን ለጓደኛው ክራክ አድርጎ አይሰጥም፤ «ግዛው» ነው የሚለው።

አንዲት ማስጠንቀቂያ፣ ዛሬ ደጋግሜ እላታለሁ፦ ከራሱ ከጌሙ ቆርጠሽ ያወጣሽውን «ሽልማት» ብለሽ አትመልሺለት። ገዢ ያውቅብሻል።

የሌሊቱ ዘብ፦ ይኸ ሁሉ ልምምጥ ለምን አስፈለገ? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። አጥር አጥብቆ መሥራት ነው።

ጋሽ ዲስኬት፦ አጥሩ ማን ላይ እንደሚወድቅ አይተሃል? በ2008 ስፖር ሲወጣ ገዢው ጌሙን ሦስት ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነበር መጫን የሚፈቀድለት። ሰው አማዞን ላይ ወጥቶ በአንድ ኮከብ ጨረሰው፤ ገደቡም ወደ አምስት ከፍ ተደረገ። ክራኩ ላይ ገደብ የሚባል ነገር አልነበረም። ዩቢሶፍት በ2010 አሳሲንስ ክሪድ 2ን ለኮምፒውተር ሲያወጣ ኢንተርኔት ካልተገናኘ አልሠራም እንዲል አደረገው። ሰርቨሮቹ በዚያው መጋቢት ላይ ጥቃት ሲደርስባቸው ደጅ የቀረው የከፈለው ሰው ነው።

እኔ ራሴ በዚያ ሰሞን ከፍዬ የገዛሁት አንድ ጌም ነበር፤ ስሙ ይቅር። አንድ ማታ መስመሩ ለግማሽ ደቂቃ ተቋረጠ። ጌሙ ቀጥ አለ፤ መሐል ላይ የምትሽከረከር ክብ መጣች፤ ከዚያ ወደ መጀመሪያው ገጽ መለሰኝ። አርባ ደቂቃ የተጫወትኩት ውኃ በላው። የወንድሜ ልጅ አጠገቤ ያንኑ ጌም ክራኩን ጭኖ፣ ገመዱን ከነጭራሹ ነቅሎ ይጫወታል። ዞር ብሎ አየኝና «ጋሼ፣ ለዚህ ነው እንዴ የከፈሉት?» አለኝ። እስካሁን መልስ አልሰጠሁትም።

ባለ64ቢት፦ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ አንድ ወገን ብቻ እየነገሩን ነው። ዴኑቮ በተባለው መከላከያ ላይ ተጠንቶ በ2024 የወጣው ጥናት በመጀመሪያው ሳምንት የተሰበረ ጌም ከጠቅላላ ገቢው በአማካይ ወደ 20 በመቶ ያጣል ይላል። 20 በመቶ ለትንሽ ቡድን ደመወዝ ነው።

ጋሽ ዲስኬት፦ ልክ ነህ፣ አልክደውም። ግን ያንኑ ጥናት እስከ መጨረሻው አንብበው፦ ከ12 ሳምንት በኋላ የተሰበረ ጌም የሚያጣው ከምንም አይቆጠርም። እንግዲያ መከላከያ የምትገዛ ከሆነ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግዛውና ከዚያ አውጣው። የ2016ቱ ዱም ላይም ከወራት በኋላ አውጥተውታል። ብዙዎች ግን ክራኩ ከወጣ በኋላም ተክለውት ይኖራሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ሬዚደንት ኢቭል ቪሌጅ በ2021 ክራክ የተደረገው ቅጂ ከተገዛው ይልቅ ሳይንተፋተፍ ሲሄድ ታየ፤ ሠሪው ካፕኮም ቆይቶ በማረሚያ አፕዴት አስተካከለው። የከፈለው ሰው የባሰውን ይዞ ከተቀመጠ ከላይ የምትደረድርለት ሽልማት ስድብ ነው።

ጨዋታ_ፈላጊ፦ መጀመሪያስ መገልበጥ ስርቆት ነው እንዴ? እቃው ከባለቤቱ አልጎደለ።

የሌሊቱ ዘብ፦ መጣ ደግሞ ፈላስፋው። የሁለት ዓመት ሥራ ነው የጎደለው።

ጨዋታ_ፈላጊ፦ የአውሮፓ ኮሚሽን ራሱ ያስጠናው ጥናት አለ እኮ፤ ለጌም ሲሆን ሕገወጡ ሽያጩን አልቀነሰም፣ እንዲያውም ያግዛል ብሏል። በ2017 ነው ይፋ የሆነው።

ባለ64ቢት፦ ያ ጥናት ከስህተት ህዳጉ ጋር ነው የሚነበበው፤ ሰፊ ነው። «ያግዛል» ብለህ ለመማል አይበቃም።

የሌሊቱ ዘብ፦ ጌም ዴቭ ታይኩንን አታስታውሱም? በ2013 ሠሪዎቹ ራሳቸው የተሰበረ የሚመስል ቅጂ ለቀቁ። በመጀመሪያው ቀን ከተጫወቱት 93.6 በመቶው ያልከፈሉት ነበሩ። እነሱ ላይ ደግሞ ጌሙ ውስጥ የሚያቋቁሙት ድርጅት በክራክ ምክንያት ይከስራል። ከዚያ ወጥተው «እንዴት ነው ክራክን የምንከላከለው» ብለው ጠየቁ እኮ! አሁንም ያስቀኛል።

ጋሽ ዲስኬት፦ እኔንም። ግን ወዴት እየሄዳችሁ ነው? ስርቆት ነው አይደለም ለሚለው ሌላ ቦታ ተቀጣጠሩ። ዛሬ የገዛው ሰው ነው ጉዳያችን።

ሸረሪት፦ በዚሁ አያይዤ፦ ያልከፈሉት ላይ ወጥመድ ብናደርግስ? ሲሪየስ ሳም 3 ላይ የማይሞት ጊንጥ ይለቁባቸው ነበር፤ ባትማን አርካም አሳይለም ላይም ካባው አይዘረጋም። ለገዛው ሰውም ደስ ይለዋል።

ጋሽ ዲስኬት፦ ለአንድ ቀን ሳቅ ይሆናል፤ የገዛው ኪስ ግን ምንም አልገባም። አደጋም አለው። የ2006ቱ ታይታን ኩዌስት ክራክ የተደረገው ቅጂ እንዲቋረጥ ተደርጎ ተሠራ። ያልከፈሉት «ጌሙ ብልሽት ነው፣ መሐል ላይ ይዘጋል» ብለው አስወሩበት፤ ሊገዛ ያሰበውም ያንን ሰምቶ ሄደ። የጊንጡ ጥቅም ስህተት አለመምሰሉ ብቻ ነው።

ቡችላው፦ ቀድሞ ለገዛ የተለየ ልብስና መሣሪያ መስጠትስ?

ጋሽ ዲስኬት፦ ያ ገዢን ለማቻኮል ነው። በወሩ የገዛው ምን አጠፋ? እሱም ከፍሏል። አልወደውም።

ቡችላው፦ «ወደፊት አሥር ተጨማሪ ምዕራፍ እንሰጣለን» ብሎ ቃል መግባትስ?

ጋሽ ዲስኬት፦ ላም አለኝ በሰማይ። ሠርተህ ስጥ፤ ከዚያ ተናገር።

ወረቀት_ወዳጅ፦ ጋሽ ዲስኬት፣ እኔ የሣጥን ዘመን ናፋቂ ነኝ። ካርታ፣ መጽሐፍ፣ ፖስተር። እነዚህ ሽልማት አልነበሩም?

ጋሽ ዲስኬት፦ ነካኸኝ። አሁን ማታውን ሙሉ ማውራት እችላለሁ።

ኢንፎኮም የሚባል ድርጅት በ1982 ዴድላይን የሚል የነፍስ ግድያ ምርመራ ጌም አወጣ። በጽሑፍ ብቻ የሚጫወቱት ነው፣ ሥዕል የለውም። ዲስኩ ትንሽ ስለነበረ የታሪኩ ሰነድ ሁሉ አልገባ ሲላቸው በወረቀት አተሙት። ሣጥኑን ስትከፍት የምስክሮች ቃል፣ የአስከሬን ምርመራ ውጤት፣ የቦታው ፎቶ፣ ከዚያ በትንሽ ላስቲክ ከረጢት ሬሳው አጠገብ የተገኙ የተባሉ ነጭ ክኒኖች ታገኛለህ። ክኒን! ዲስኩን የገለበጠ ልጅ ፊደል ብቻ ነው ያለው፤ አንተ መርማሪ ነህ። በኋላ በወጡት ጌሞች ወረቀቱ ላይ ያለውን ፍንጭ ያላየ እንዳያልፍ አደረጉ። መከላከያውና ስጦታው አንድ ዕቃ ሆነ ማለት ነው።

ሌላው ሲዲ ፕሮጄክት ነው። በ1999 ባልዱርስ ጌትን ፖላንድ ውስጥ ሲያወጡ፣ በየገበያው የተገለበጠ ሲዲ በግልጽ የሚሸጥበት አገር ነበር። በዋጋ እንደማይችሏቸው ያውቃሉ። ስለዚህ ጌሙን በሙሉ ወደ ፖላንድኛ መለሱት፣ ድምፁን በአገሩ ታዋቂ ተዋንያን አስቀረጹ፣ ሣጥኑ ውስጥ ካርታ፣ ወፍራም መመሪያና የሙዚቃ ሲዲ ጨመሩ። ጌሙ አምስት ሲዲ መሆኑም ረድቷል፤ ገልባጩም አምስት ሲዲ ማስከፈል አለበታ። በመጀመሪያው ቀን 18 ሺህ ቅጂ ወጣ። እነዚሁ ሰዎች በ2008 ያለ መከላከያ ጌም የሚሸጠውን ጎግን ከፈቱ። የ2015ቱ ዊቸር 3 ተራው ሣጥን ውስጥ ካርታና የሙዚቃ ሲዲ ከአንድ የምስጋና ደብዳቤ ጋር ነበረበት፤ 16 ትንንሽ ተጨማሪዎችም ለገዛ ሁሉ በነፃ። በየትኛውም መደብር ቢገዛ፣ መቼም ቢገዛ።

ባለ64ቢት፦ እነዚሁ ሰዎች ዊቸር 2ን አወረዳችሁ ብለው በጀርመን ለሰው የጠበቃ ደብዳቤ ይልኩ ነበር። ይኸንንም ይናገሩ።

ጋሽ ዲስኬት፦ ልኩ ነው። ያላወረደ ሰውም ደብዳቤ ይደርሰዋል ተብሎ ሲጮኽባቸው በ2012 ጥር ተዉት። ጥሩ የሠራ ሁሉ ሁልጊዜ ጥሩ አይሠራም።

ፍሬው_አዲስ፦ ሰላም፣ አሁን ነው የገባሁት። ለገዢ ምን ብንሰጥ ይሻላል?

ጋሽ ዲስኬት፦ ከላይ አንብብ።

ፍሬው_አዲስ፦ ረጅም ነው፣ በአጭሩ ቢነግሩኝ።

ጋሽ ዲስኬት፦ በአጭሩ፦ ከላይ አንብብ።

ሸረሪት፦ ዋጋ መቀነስስ ሽልማት አይደለም?

ጋሽ ዲስኬት፦ ዋጋ የእኔ ሙያ አይደለም። የስቲም ባለቤት የሆነው የቫልቩ ጌብ ኒውል በ2011 ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የዋጋ ሳይሆን የአገልግሎት ነው ብሎ ነበር፤ እኔም ወደዚያው አደላለሁ። ዋጋ ስትቀንስ ግን ትናንት በሙሉ ዋጋ የገዛውን አስበው።

ጨዋታ_ፈላጊ፦ እኔ እኮ ክራክ የማወርደው ለመሞከር ነው፤ ከወደድኩት እገዛለሁ።

የሌሊቱ ዘብ፦ ስንቱን ገዛህ?

ጨዋታ_ፈላጊ፦ ... ሁለት።

ጋሽ ዲስኬት፦ ስቲም ከ2015 ጀምሮ በገዛህ በ14 ቀን ውስጥ፣ ከሁለት ሰዓት በታች ከተጫወትክ ገንዘብህን ይመልሳል። ሠሪዎችም ማሳያ አውጡ፤ ማሳያው ላይ የተጫወተው ሴቭ ወደ ሙሉው ይተላለፍለት። ያኔ ይቺ ሰበብ ትቀራለች።

ማሙሽ99፦ ጋሼ ተመልሻለሁ። ጌሜ በኢንተርኔት አምስት ለአምስት የሚጫወቱት ነው።

ጋሽ ዲስኬት፦ ጎበዝ። እንግዲያ ሰርቨሩ ያንተ ነው፤ ያልገዛ አይገባም። ያንተ ችግር አጭበርባሪ ተጫዋች ነው። ለገዛው የምትሰጠው ሽልማት ንጹሕ ሜዳ ነው። እሱን የሚያውቁ ሌሎች እዚህ አሉ፣ ጠይቃቸው።

ፒክሰሏ፦ የመጨረሻ፣ ይቅርታ። ትናንት አንድ ልጅ ጻፈልን። «ክራኩን ነው የምጫወተው፤ ሁለተኛው ከተማ ላይ ስደርስ ይዘጋብኛል፣ እርዱኝ» ይላል። የሥራ ጓደኛዬ በጣም ተናዳለች። ምን ብለን እንመልስለት?

ጋሽ ዲስኬት፦ የሆትላይን ማያሚ ሠሪ በ2012 ጌሙ ሲዘረፍ አይቶ የተገለበጠ በሚወርድበት ፓይሬት ቤይ ላይ ራሱ ገብቶ ላልከፈሉት የስህተት ማረሚያ ሰጥቷቸዋል። የተበላሸ ጌም እንዲጫወቱ አልፈለገም። እዚያ ድረስ ሂዱ አልልም። «ያ ስህተት 1.1 ላይ ታርሟል፤ የድሮ ሴቭህም ይከፈትልሃል» በሉት፤ ከሥር የመደብሩን ሊንክ አድርጉለት። ስለ ስርቆት አንድም ቃል አትጻፉ። ግን መጀመሪያ ያ ሴቭ በእርግጥ መከፈቱን ራሳችሁ ሞክሩት።

ፒክሰሏ፦ ሞከርነው። አልከፈተም።

ጋሽ ዲስኬት፦ እንግዲያ የነገ ሥራችሁን አገኛችሁ። ደህና እደሩ።