ክረምቱን ከልጆች ጋር ሦስት አገር፦ ከባሕር ዳር ለሚነሱ ወላጆች ጥያቄና መልስ

ትኬት መቁረጥና የቪዛ ወረቀት ማሟላት እንጀራዬ ነው፤ ቢሮዬም እዚሁ ባሕር ዳር ነው። ፋሲካ ካለፈ በኋላ ከበሩ የሚገባው ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ይመሳሰላል፦ ልጆቹ ከፍ ብለዋል፣ ትምህርት ሲዘጋ ሁለት ሦስት አገር እናሳያቸው። ከ12 እስከ 15 ዓመት የሆኑ ልጆች ያሏቸው ወላጆች የጠየቁኝን፣ አንዱን ደግሞ ልጅቱ ራሷ የጻፈችውን፣ እንደ አመጣጡ መልሻለሁ።

ጥያቄ (ከሽምብጥ፣ የሁለት ልጆች እናት)፦ ልጆቻችን 13 እና 15 ናቸው። ሐምሌ ላይ ሦስት ሳምንት አለን። ባለቤቴ "ፓሪስ፣ ለንደን፣ ከዚያ ሮም" ይላል። ያዋጣል?

መልስ፦ እህቴ፣ መንገዳችሁን የሚወስነው ወረቀቱ ነው፤ ስለዚህ ከወረቀቱ ልጀምር። በሸንገን ቪዛ ፈረንሳይም ጣሊያንም ይገባል፣ የአውሮፓ ኅብረት አባል ያልሆኑት ስዊዘርላንድና ኖርዌይም ጭምር። እንግሊዝ ግን ከዚህ ውጭ ናት፤ የራሷ ቪዛ አላት። ከሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ኅብረቱ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ላይ ጠበቅ ያለ አሠራር አውጥቷል፦ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ አይሰጥም፣ የመልሱም ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተራዝሟል። እንግዲህ ፓሪስ ገብታችሁ ለንደን ስትሻገሩ የሸንገኑ ቪዛ ሥራውን ጨርሷል፤ ሮም በሩ ዝግ ነው። ለንደን የግድ ከሆነ ወይ መጀመሪያ ወይ መጨረሻ ላይ አድርጉት፣ መሐል ላይ ግን በፍጹም።

ወጪውንም ልንገርሽ። የሸንገን ማመልከቻ ለአንድ ሰው 90 ዩሮ ነው። ግማሹን የሚከፍሉት ከ6 ዓመት ጀምሮ 12 ያልሞላቸው ልጆች ናቸው፤ የእናንተዎቹ እንደ አዋቂ ይከፍላሉ። አራት ስትሆኑ 360 ዩሮ፣ ቪዛው ቢከለከልም የማይመለስ። 12 የሞላው ልጅ አሻራ ስለሚሰጥ በአካል አዲስ አበባ መቅረብ አለበት፤ ይህ የትምህርት ቀን ይበላል። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ መድን ያስፈልጋል፤ ማመልከቻው የሚገባውም ብዙ ሌሊት ወደምታድሩበት አገር ነው። ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ማስገባት ስለሚቻል፣ ለሐምሌ የሚሄድ ሰው መጋቢት ላይ ቢያስገባ ጥሩ ነው። ግንቦት ላይ የሚመጣውን ሰው ግን ልረዳው አልችልም፣ እውነቱን ነው የምናገረው።

የኔን ምክር ከጠየቅሽኝ፣ ልጆቹ ከአገር ሲወጡ የመጀመሪያቸው ከሆነ አውሮፓን ለሌላ ዓመት አቆዩት። ለአራት ሰው ቪዛ የሚወጣው ብር ምሥራቅ አፍሪካ ላይ ብዙ ነገር ያሳያል።

ጥያቄ (ከዚያው ቤት፣ አባት)፦ እሺ፣ ጎረቤት ይሁን። የትኞቹ አገሮች? በምን ቅደም ተከተል?

መልስ፦ ኬንያ፣ ዩጋንዳ፣ ሩዋንዳ። ኬንያ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ አትጠይቅም። ሩዋንዳ ለአፍሪካውያን ለ30 ቀን ያለ ክፍያ ታስገባለች። ዩጋንዳ ብቻ በኢንተርኔት የሚሞላ ቪዛ ትጠይቃለች፣ 50 ዶላር። ሦስቱንም አገር የሚያዞር የ100 ዶላር የምሥራቅ አፍሪካ የቱሪስት ቪዛ አለ፤ ለሌላው ዜጋ ጥሩ ነው፣ ለእኛ ግን ሁለቱ አገር በነፃ እያስገባን እሱን መግዛት ብር መጣል ነው።

ትኬቱን በናይሮቢ ገብታችሁ በሩዋንዳ ዋና ከተማ በኪጋሊ እንድትወጡ አድርጋችሁ ቁረጡ። የሄዱበትን መንገድ ተመልሶ መምጣት ልጆችን ያሰለቻል፣ ቀንም ይበላል። ከናይሮቢ ሞምባሳ ባቡሩ (ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው) ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት ይፈጃል፣ በጻቮ ፓርክ መሐል ያልፋል፤ ዕድል ከቀናችሁ ዝሆን በመስኮት ይታያል። ጣቢያው ከከተማው ወጣ ያለ ስለሆነ በጊዜ ድረሱ፦ ከመግባታችሁ በፊት ሻንጣው ሁሉ መሬት ላይ በረድፍ ይደረደርና ውሻ እያሸተተ ያልፋል። ልጆች ይሄን እስኪመለሱ ያወራሉ። ሞምባሳ ላይ ፖርቱጋሎች በ1590ዎቹ እ.ኤ.አ. የገነቡት ፎርት ጂሰስ የሚባል ምሽግ አለ፤ ጢስ ዓባይ አጠገብ ያለውን የፖርቱጋሎች ድልድይ ለረገጠ ልጅ እነዚያው ሰዎች እዚህም ነበሩ ብሎ ማስረዳት ቀላል ነው።

ከሞምባሳ በናይሮቢ አድርጋችሁ የዩጋንዳ ኤርፖርት ወዳለበት ወደ እንቴቤ በረራ ያዙ። ከናይሮቢ ካምፓላ በአውቶቡስ ሌሊቱን ሙሉ መሄድ ርካሽ ነው፤ በ13 ዓመት ልጅ ጉልበት ግን አልመክረውም።

ጥያቄ፦ ለጎሪላ ሄደን ልጆቹን ብናስደስትስ?

መልስ፦ 15 ያልሞላው ልጅ አይገባም። ሩዋንዳ ለአንድ ሰው 1,500 ዶላር፣ ዩጋንዳ 800 ዶላር ነው። ታላቁን ወስዶ ታናሹን ሆቴል ማስቀመጥ ቤት ውስጥ የሚያስነሳውን ጠብ አስቡት። ማሳይ ማራ የሚባለው የኬንያ የዱር እንስሳት ፓርክም ውድ ነው፦ ከጁላይ እስከ ዲሴምበር ለውጭ አገር ሰው መግቢያው በቀን 200 ዶላር ይደርሳል። የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ ከተማው ጥግ ነው፤ ከአንበሳው ኋላ የከተማው ፎቅ ይታያል። ግማሽ ቀን ይበቃል።

ጥያቄ (ከአባይ ማዶ፣ መምህር)፦ ዩጋንዳ ውስጥ ለባሕር ዳር ልጅ የሚረባ ምን አለ?

መልስ፦ ጂንጃ! እኔ ብሆን የጉዞው መሐል እሷ ትሆን ነበር። ነጭ ዓባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ የሚወጣባት ከተማ ናት። በጀልባ ውኃው ከሐይቁ ወደሚለይበት ቦታ ይወስዷችኋል፤ አስጎብኚው "የናይል ምንጭ ይሄ ነው" ይላል። የኛ ልጆች ደግሞ "ግሽ ዓባይስ?" ብለው ይነሳሉ። ይጠይቁት፣ ይከራከሩ፤ ለዚያ ነው የሚሄዱት። እንግሊዛዊው አሳሽ ስፔክ እዚያ የደረሰው በ1862 እ.ኤ.አ. ነው፤ እሱ ያየው የሪፐን ፏፏቴ ግን የለም፣ በ1954 እ.ኤ.አ. ግድብ ሲሠራ ውኃ ውጦታል። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ውኃው ወደ ኃይል ማመንጫው ሲዞር እንዴት እንደሚቀንስ ያየ ልጅ ይህ አይጠፋውም። ጥቁር ዓባይና ነጭ ዓባይ ካርቱም እንደሚገናኙ፣ ወደ ግብፅ የሚደርሰው ውኃ አብዛኛው ከእኛ ደጋ እንደሚሄድ አስቀድመው ቢማሩ አስጎብኚው ራሱ ይጠነቀቃል። መምህር ነዎትና ይህን ለእርስዎ አላስተምርም።

አንድ ነገር ግን፦ ጣና ዳር ያደገ ልጅ ሐይቅ ሲያይ ልብሱን ማውለቅ ይጀምራል። ቪክቶሪያ ዳርቻ ላይ ቢልሃርዚያ አለ፤ ዋናውን ለሞምባሳ ባሕር ይተዉት።

ጥያቄ (ከቀበሌ 14)፦ ባለቤቴ ከሥራ መውጣት አይችልም፤ ብቻዬን ልጆቼን ይዤ እሄዳለሁ። ምን ወረቀት ያስፈልገኛል?

መልስ፦ ይሄኛውን በደንብ ያንብቡት። በእኛ አገር የልጅ ፓስፖርት ላይ የሚጻፈው የአባትና የአያት ስም ነው፤ የእናት ስም የለም። የውጭ አገር የድንበር ሠራተኛ ሦስቱን ፓስፖርት ሲገልጥ እርስዎና ልጆችዎ አንድም የሚገናኝ ስም የላችሁም። ስለዚህ ከወሳኝ ኩነት የወጣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የእናት ስም ያለበት፣ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ ይያዝ። ከዚያ አባት ውልና ማስረጃ ቀርቦ "ከእናታቸው ጋር እንዲጓዙ ፈቅጃለሁ" ብሎ የሚፈርመው ሰነድ፣ የሚሄዱባቸው አገሮችና ቀኖች ተጽፈውበት፣ እሱም ይተርጎም። የአባትን ፓስፖርት ወይም መታወቂያ ኮፒ አያይዙበት። ሰነዶቹ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ቢረጋገጡ ይሻላል።

የልደት ቀኑን በእጅዎ አስሉት። ኅዳር 12 ቀን 2005 የተወለደ ልጅ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 21 ቀን 2012 ነው። አንዳንድ ተርጓሚ በጅምላ ስምንት ይደምርና 2013 ይጽፋል፤ ፓስፖርቱ ላይ 2012፣ ልደት ወረቀቱ ላይ 2013 ሆኖ ቁጭ ይላል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 20 አካባቢ ልዩነቱ ሰባት ዓመት ነው፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ስምንት። ስሙንም ፊደል በፊደል ያመሳክሩ፦ አንዱ ላይ ባለ አንድ "ኤስ"፣ ሌላው ላይ ባለ ሁለት ከሆነ ወረቀቱን ያስቀይሩ።

ፓስፖርታቸው ከመመለሻ ቀን በኋላም ቢያንስ ስድስት ወር ይኑረው። ለማሳደስ የኢሚግሬሽን ቅርንጫፍ እዚሁ ባሕር ዳር አለ፣ አዲስ አበባ መሄድ የለብዎትም።

ጥያቄ፦ ልጄ የስምንተኛ ክፍል ተፈታኝ ናት። መቼ እንቁረጥ?

መልስ፦ የክልሉ ፈተና ፕሮግራም ተለጥፎ ሳያዩ ቀኑ የማይቀየር ትኬት አይግዙ። ፈተናው ካለቀ በኋላ አንድ ሳምንት ይተዉ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ 14 ዓመቴ ነው። አባዬ ከሙዚየም ሙዚየም ያዞረናል ብዬ ፈርቻለሁ። ስልኬንስ እዚያ መጠቀም እችላለሁ?

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ ጥሩ አድርገሽ ጠየቅሽ። ስልክሽን ትጠቀሚያለሽ፤ ሲም ካርዱ በፓስፖርት ስለሚመዘገብ አባትሽ ወይም እናትሽ በስማቸው ያወጡልሻል። ለአባትሽ ደግሞ ይህን አሳዪው፦ በቀን አንድ ትልቅ ነገር ብቻ፣ ከሰዓት በኋላ እረፍት። በየአገሩ አንድ ቀን ያንቺ ይሁን፤ የት እንደሚኬድ፣ ምን እንደሚበላ፣ ስንት እንደሚወጣ አንቺ አውጪው። ግን ብሩ ካለቀ አልቋል፣ እንባ የለም። ኪጋሊ ስትደርሱ ሰዓትሽን አንድ ሰዓት ወደኋላ መልሺ፤ ኬንያና ዩጋንዳ ከእኛ ጋር አንድ ናቸው። ናይሮቢና ካምፓላ መኪና በግራ ነው የሚሄደው፣ ስትሻገሪ መጀመሪያ ወደ ቀኝ እዪ። ሩዋንዳ ላይ እንደኛው ነው።

ጥያቄ (የሦስት ልጆች አባት)፦ የኪጋሊውን የዘር ጭፍጨፋ መታሰቢያ ልጆች ቢያዩት ምን ይላሉ?

መልስ፦ ከ250,000 በላይ ሰው ያረፈበት ቦታ ነው፤ የተገደሉ ሕፃናት ፎቶ ያለበት ክፍልም አለው። 14 እና 15 የሆኑት ይግቡ እላለሁ፤ 12 የሆነውን እርስዎ ነዎት የሚያውቁት፣ ውጭ ባለው አትክልት ውስጥ ከእናቱ ጋር ቢቆይ ነውር የለውም። ሳይነግሯቸው አያስገቧቸው። በ1994 እ.ኤ.አ. ምን እንደተደረገ ከመሄዳችሁ በፊት ቤት ውስጥ ይነጋገሩበት፣ ጎሣ ከጎሣ እንዴት እንደተነሳሳ ጭምር። የመጨረሻው ቀን ላይ አያድርጉት፤ ልጆቹ ከዚያ በኋላ የሚያወሩበት አንድ ሁለት ቀን ያስፈልጋቸዋል።

ጥያቄ (ከዘጌ)፦ ፍልሰታ መሐል ላይ ነው የምንሄደው። ልጆቹ ይጾማሉ። ምን ይበላሉ?

መልስ፦ ምንም አይቸገሩም። ኬንያ ሱኩማ ዊኪ የሚሉት ጎመን፣ ኡጋሊ የሚሉት የበቆሎ ገንፎ፣ ቦሎቄና ቻፓቲ የሚሉት ቂጣ በየቤቱ አለ። ዩጋንዳ ማቶኬ የሚባል የተቀቀለ ሙዝ በኦቾሎኒ ወጥ ይሰጣል፤ ሮሌክስ የሚሉት ጥቅል ቻፓቲ ግን እንቁላል አለበት። ሩዋንዳ የካሳቫ ቅጠል ወጥ አለ፣ ሥጋ ወይም ዓሣ ጨምረውበት እንደሆነ ጠይቁ። ዘይቱ ምን እንደሆነ የሚጨነቅ ሰው በሶና ቆሎ ይዞ ይውጣ። በፌስታል ጠቅልላችሁ ግን አይሁን፦ ኬንያና ሩዋንዳ ፌስታል ክልክል ነው፣ ሩዋንዳ ኤርፖርት ላይ ይወስዱባችኋል።

ጥያቄ፦ ክትባትና ወባስ?

መልስ፦ የቢጫ ወባ ክትባት ከነካርዱ ያስፈልጋል። ከጉዞው 10 ቀን በፊት መወጋት አለበት፣ አንዴ የተወጋ ለዕድሜ ልክ ነው። ካርዱን ከፓስፖርቱ ጋር አብራችሁ ያዙት፣ ሻንጣ ውስጥ አይግባ። ሞምባሳና ዩጋንዳ ወባ ስላለ ስለ መከላከያ ክኒኑ ሐኪም አማክሩ። አጎበር እንኳ ለባሕር ዳር ልጅ አዲስ አይደለም።

ጥያቄ፦ ናይሮቢ ሙቀት ነው አይደል?

መልስ፦ አይደለም! ሐምሌ እዚያ የብርድ ወር ነው። ከፍታው ከባሕር ዳር ጋር ተቀራራቢ ቢሆንም ሌሊቱ ይበርዳል። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ወፍራም ሹራብ።

ጥያቄ፦ ዶላሩን እንዴት እናገኛለን?

መልስ፦ ፓስፖርትና ትኬት ይዛችሁ ባንካችሁ ሂዱ፣ ደረሰኙን አትጣሉ። አሮጌ እትም፣ የተጻፈበት ወይም የተቀደደ ኖት ከሰጧችሁ እዚያው መልሱ፤ ካምፓላ ላይ ወይ አይቀበሉትም ወይ ዋጋውን ይቆርጡታል።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር እስከ አዲስ አበባ ያለውን ለብቻው ብንቆርጥ ይረክሳል?

መልስ፦ ሊረክስ ይችላል፤ እኔ ግን አልቆርጥላችሁም። በክረምት ደመናው ዝቅ ሲል የጠዋቱ በረራ ይዘገያል። ሁሉም በአንድ ትኬት ከሆነ የናይሮቢው ቢያመልጣችሁ አየር መንገዱ በሚቀጥለው ያሳፍራችኋል፤ በሁለት ትኬት ከሆነ ኪሳራው የእናንተ ነው። በመመለሻም ከኪጋሊ የሚመጣው ሌሊት አዲስ አበባ የሚያደርሳችሁ ከሆነ፣ የባሕር ዳሩን በማግስቱ ማለዳ አያይዙት፤ ልጆቹ ኤርፖርት ወንበር ላይ ሁለት ሦስት ሰዓት ቢተኙ ምንም አይሆኑም።