አንገት ሲታሰር፦ ማሸት፣ መግፋት ወይስ ማንቋቋት?

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። የምሠራው ስታዲየም አካባቢ ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ። ሊፍቱ ሲበላሽ አንገቱን ያመመው ሰው ጉልበቱንም አሞት ይገባል። ስለ አንገት ሕመም የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እነሆ። በነገራችን ላይ «ዶክተር» እያላችሁ የጻፋችሁልኝ፣ ዶክተር አይደለሁም።

ባንክ ነው የምሠራው። አንገቴና ትከሻዬ ይታሰራል። አንዱ ጋ ስሄድ ያሸኛል፣ ሌላው አጥንቴን ይገፋል፣ ሦስተኛው ቋ ያደርገዋል። ልዩነቱ ምንድን ነው?

ማሸት ጡንቻ ላይ ነው። ከማጅራት ተነስቶ ትከሻ ላይ የሚያርፈው ትልቁ ጡንቻ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ሲያፈጡ ይደርቃል። ሲታሽ ይለቃል፣ ሰውየውም ዘና ይላል። ችግሩ፣ እፎይታው ብዙ ጊዜ አይቆይም። ሰኞ ታሽተሽ ረቡዕ እዚያው ነሽ።

ሁለተኛው መገጣጠሚያ ላይ ነው። አንገት 7 አጥንት አለው። በደረትሽ ትተኛለሽ፣ እኔ ሁለቱን አውራ ጣቶቼን አንዱ አጥንት ላይ አድርጌ በዝግታ፣ እኩል ምት እየጠበቅኩ ደጋግሜ እገፋለሁ። ይህን በደረጃ ያስቀመጠልን አውስትራሊያዊው ፊዚዮቴራፒስት ጄፍሪ ሜይትላንድ ነው። 1 እና 2 ለስላሳ ናቸው፣ ሕመም ለማስታገስ። 3 እና 4 ጠለቅ ይላሉ፣ የደረቀ አንገት ለማላላት። 5ኛው ያ ቋ የሚለው ነው፤ አጭር፣ ፈጣን ግፊት።

ለእኔ ትልቁ ልዩነት ይኸውልሽ። በዝግታ ስገፋሽ «በቃ» ማለት ትችያለሽ፣ አቆማለሁ። በፈጣኑ ግን «በ…» ሳትዪ አልቋል።

ሁለት ሌሎችም አሉ። የኒውዚላንዱ ብራያን ሙሊጋን ባመጣው ዘዴ፣ እኔ አጥንቱን ደግፌ እይዛለሁ፣ አንገትሽን የምታዞሪው አንቺ ነሽ። በትክክል ከተያዘ ሲዞር ማመም የለበትም። ካመመ ወይ አያያዜ ተሳስቷል ወይ ዘዴው ላንቺ አይደለም። ሌላው አንቺ በቀስታ እጄን ስትገፊ እኔ የምመክትበት ነው። እሱን ታች እመለስበታለሁ፣ ቤት ውስጥም ይሠራል።

እሺ፣ አሁን ማስታወቂያ ሳትሠራ ንገረን። የትኛው ይሻላል?

ይህ ጥያቄ ስድስት ሰው ነው የላከው።

በዝግታ መግፋትና ማንቋቋት ሲወዳደሩ ውጤታቸው ተቀራራቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ደግሞ 272 የአንገት ሕመምተኞችን በሦስት ከፍሎ ነበር። አንዱ ቡድን ማንቋቋት፣ አንዱ መድኃኒት፣ አንዱ ምክርና ቤት የሚሠራ እንቅስቃሴ ተሰጠው። ማንቋቋቱ መድኃኒቱን በለጠ። ነገር ግን ቤታቸው እንቅስቃሴ ሲሠሩ የነበሩት ማንቋቋት ከተደረገላቸው ጋር ያን ያህል ልዩነት አልነበራቸውም።

እኔን ለሥራዬ ትንሽ የሚያሳፍር ውጤት ነው። ግን በየቀኑ የማየውም እሱኑ ነው። እጄ ሕመሙን ቀነስ አድርጎ አንገትህን እንድታንቀሳቅሰው ዕድል ይሰጥሃል። ዕድሉን ሳትጠቀም ከሄድክ ተመልሰህ ትመጣለህ። ስለዚህ ተቀራራቢ ከሆኑ እኔ የምመርጠው ለስለስ ያለውን ነው።

ቋ ሲል አጥንቱ ቦታው ገባ ማለት ነው?

አይደለም። አጥንቱ መጀመሪያም ከቦታው አልወጣም። በመገጣጠሚያው ውስጥ ፈሳሽ አለ፣ በፈሳሹ ውስጥ ጋዝ አለ። መገጣጠሚያው በድንገት ሲላቀቅ ድምፅ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2015 የጣት መገጣጠሚያ ሲንቋቋ በኤምአርአይ ተቀርጾ ነበር። ድምፁ በወጣበት ቅጽበት የታየው ክፍተት ሲፈጠር ነው። ስለዚህ ድምፅ አልሰማሁም ብለህ ገንዘብህን አታስመልስ።

ፀጉር ቤት ስሄድ ልጁ ማሳጅ አድርጎኝ በመጨረሻ አንገቴን ቀኝና ግራ ያዞረዋል። ደስ ይላል። ችግር አለው?

ማሳጁን አጣጥም ወንድሜ። እኔም ፒያሳ የምቆረጥበት ቤት አለኝ፣ እጁ ወርቅ ነው። አንድ ቀን ግን አንድ መዳፉ አገጬ ሥር፣ ሌላው ከጆሮዬ ኋላ ሲያርፍ ገባኝ። ትንፋሹን ሲስብ ሰማሁት። «ወንድሜ፣ እሱን ተወው» አልኩት። ሳቀብኝና ተወው።

ለምን ፈራሁ? በአንገት አጥንቶች ጎን ወደ አንጎል የሚወጡ ደም ሥሮች አሉ። በድንገት ሲጠመዘዙ፣ እምብዛም ባይሆንም፣ ግድግዳቸው ሊሰነጠቅና ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። የሰለጠነ ሰው እንኳ ከመንካቱ በፊት ይጠይቃል፦ ይዞርብሃል? ነገር ሁለት ሆኖ ይታይሃል? ምላስህ ይተሳሰራል? ለመዋጥ ትቸገራለህ? ድንገት ትወድቃለህ? ከእነዚህ አንዱ ካለ እጅ አይነካህም፣ ሐኪም ያይሃል። ፀጉር ቆራጩ ይህን አይጠይቅም፣ ሥራውም አይደለም።

ደረጃ ላይ ወድቄ አንገቴ አልዞር አለ። እናቴ ወጌሻ ጋ እንሂድ እያለች ነው።

እናትሽን አክብሪያት፣ ግን መጀመሪያ ራጅ። ለወጌሻ ክብር አለኝ፤ ወለምታ በእጁ የሚለይ ሰው አይቻለሁ። አንገት ግን ቁርጭምጭሚት አይደለም። ከወደቅሽ ወይም መኪና ከገጨሽ በኋላ ስብራት አለመኖሩ ሳይታወቅ ወጌሻም፣ እኔም፣ ማንም አይንካሽ።

ሹፌር ነኝ። ከአንገቴ ተነስቶ እስከ አውራ ጣቴ ያነዝረኛል። እጄን ጭንቅላቴ ላይ ሳደርግ ቀለል ይለኛል።

ያቺ እጅ ጭንቅላት ላይ የማድረግ ነገር ጥሩ ፍንጭ ናት። ከአንገት የሚወጣ ነርቭ ተነክቶ ሊሆን ይችላል፤ እጅ ከፍ ሲል ጫናው ይቀንሳል። በአካል መታየት አለብህ። ላንተ የምሞክረው በእጅ በቀስታ መሳብንና ለስላሳ መግፋትን ነው። ማንቋቋት አላደርግልህም። ሁለቱም እጆችህ ሸሚዝ መቆለፍ ካቃታቸው ወይም እግርህ መንገዳገድ ከጀመረ ግን ቀጠሮ አትጠብቅ፣ ሆስፒታል ሂድ።

ትራስ?

በሆድ አትተኙ። ሌላው እንደ ምቾታችሁ።

ስንት ጊዜ ልመላለስ? አንድ ቦታ 20 ጊዜ በአንድ ላይ ክፈል አሉኝ።

በሦስት አራት ጊዜ ምንም ለውጥ ካላየህ ወይ ዘዴው ወይ ምርመራው እንደገና መታየት አለበት። 20 ጊዜ ቀድሞ ማስከፈል እኔ አልወድም። አንገትህ ገና ሳይታይ 20 መሆኑን በምን አወቁ?

ቤት ውስጥ የምሠራው ነገር ስጠኝ። ወደ ቀኝ መዞር ነው የሚከብደኝ።

ወንበር ላይ ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ። እስኪይዝሽ ድረስ ብቻ ወደ ቀኝ ዙሪ። የግራ መዳፍሽን ግራ ጉንጭሽ ላይ አድርጊ። አሁን ፊትሽን ወደ ግራ ለመመለስ ሞክሪ፣ መዳፍሽ ግን አያሳልፍ። ጉልበትሽን ከአምስት አንድ እጅ ብቻ ተጠቀሚ፤ ትግል አይደለም። ከ5 እስከ 7 ሰከንድ ያዢ። ልቀቂ፣ ተንፍሺ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ትንሽ ጨምሪ። ሦስት አራት ጊዜ ድገሚው። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ጉልበት በማብዛት ነው።

ከዚያ አገጭሽን ወደ ኋላ ሳቢ፣ ድርብ አገጭ እንዲመስል። አያምርም። ታክሲ ሰልፍ ላይ የምትሠሪ ከሆነ ሰው ያይሻል። ይየን።

መቼ ነው መፍራት ያለብን?

ከባድ ትኩሳት ኖሮ አንገት ከደረቀ ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው። ደረት ላይ ጫና ኖሮ ወደ አንገትና ክንድ የሚሄድ ሕመምም እንደዚያው፣ ልብ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛውን የማልረሳው ስለተሳሳትኩበት ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ወጣት መጣ። አንገቱን ሁለት ጊዜ አሸሁት። ደስ ብሎት ይሄዳል፣ ሕመሙ ግን ሌሊት ይብሳል። በሦስተኛው ቀን ሸሚዙን ሲያወልቅ ቀበቶው ላይ በምስማር የተበሳ አዲስ ቀዳዳ አየሁ። ከስቷል። «ሌሊት ያልብሃል?» ስለው «አንሶላው ይረጥባል» አለኝ። የአከርካሪ ቲቢ ነበር። ያን ጥያቄ የመጀመሪያው ቀን መጠየቅ ነበረብኝ። ያ ወጣት ቋ የሚያደርግ ሰው እጅ ገብቶ ቢሆንስ? አሁን ማንም ሰው ክፍሌ ሲገባ ከአንገቱ በፊት ስለ ክብደቱና ስለ ሌሊቱ እጠይቃለሁ።

አያቴ 74 ዓመታቸው ነው። የመገጣጠሚያ ሪህ አለባቸው፣ አንገታቸውንም ያማቸዋል። ማሸት ይቻላል?

ለስላሳ ማሸትና በራሳቸው አቅም ማንቀሳቀስ ይቻላል። ማንቋቋት ፈጽሞ። ሪህ ሲባል ሩማቶይድ (ሰውነት የራሱን መገጣጠሚያ የሚያጠቃበት ሕመም) ከሆነ የላይኞቹን ሁለት አጥንቶች የሚያስሩ ጅማቶች ሊላሉ ስለሚችሉ፣ መጀመሪያ ሐኪማቸው ይያቸው። ከዚያ ይዘሃቸው ና። ሊፍቱ ካልሠራ ግን ደረጃ አታስወጣቸው፣ ከታች አስጠራኝ፣ እኔ እወርዳለሁ።