«አላመልከውም፣ ግን መጣል ፈራሁ»

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው ጅማ ነው። እናቴ ስታርፍ ጨሌዋ፣ ለባዕድ አምልኮ የምትይዘው ዶቃ፣ እኔ ጋ ቀረ። ቅቤ በጠገበ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ አለ። አላመልከውም፣ ግን ልጆቼን እንዳይነካብኝ ብዬ መጣል ፈራሁ። ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ እናትሽን ነፍስ ይማር። ይህን «አላመልከውም፣ ግን እፈራዋለሁ» የሚል ቃል እዚሁ ጅማ በስንት ቤት ሰምቼዋለሁ! ጠበል ለመርጨት ስገባ ሥዕለ አድኅኖው ግድግዳው ላይ አለ፣ ጨሌው ደግሞ አልጋ ሥር። ብዙዎቻችን ባዕድ አምልኮ ማለት ለጣዖት መስገድ ብቻ ይመስለናል። አንቺ ግን የልጆችሽ ጤና በዚያ ጨርቅ እጅ ነው ብለሽ አምነሻል። ከዚህ በላይ ምን ስግደት አለ?

በሰማርያ የሰፈሩት አሕዛብም እንዲሁ ነበሩ። እግዚአብሔርንም ይፈሩ ነበር፣ አማልክቶቻቸውንም ያመልኩ ነበር (2ኛ ነገ. 17፥33)። ከነዓናውያን በኣልን የሙጥኝ ያሉት ዝናብ ይሰጠናል ብለው ነው። ዝናብ ሲዘገይ የቡናው አበባ የሚያስጨንቀው የኛ አገር ገበሬ ፍርሃታቸው ይገባዋል። እንዲህ ያለው አምልኮ ዛሬም አለ። ቡና መጠጣቱን አልነካሁም፣ «ለአድባሯ» ተብሎ ደጃፍ ላይ የሚፈሰው ስኒ ግን ያው ነው። ጨሌ የሚባል ነገር አይቶ የማያውቀው ወጣትም በስልኩ ኮከቡን ሳያይ ሥራ አይጀምርም፤ ኢሳይያስ እኮ የባቢሎንን ኮከብ ቆጣሪዎች እስቲ ያድኑሽ ብሎ ተሳልቆባቸዋል (47፥13)።

ፈራሁ ማለትሽን ግን አልቆጣሽም። ጌዴዎንም ፈርቷል። የገዛ አባቱን የበኣል መሠዊያ አፍርስ ሲባል ቤተሰቡንና የከተማውን ሰው ስለፈራ በሌሊት ነው ያፈረሰው፤ አጠገቡ የነበረውንም የማምለኪያ ዐፀድ ቆርጦ ለመሥዋዕቱ ማገዶ አደረገው። ሲነጋ ሰዉ ይገደልልን ብሎ መጣ። ያን ጊዜ አባቱ ኢዮአስ፣ የመሠዊያው ባለቤት፣ በኣል አምላክ ከሆነ ለራሱ ይሟገት አላቸው (መሳ. 6፥31)። በኣልም ድምፁ አልተሰማም።

ስለዚህ ፍርሃቱ እስኪለቅሽ አትጠብቂ። ብቻሽንም አታድርጊው። ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፣ መጥተው ጸሎት አድርሰው፣ ጠበል ረጭተው አብራችሁ አቃጥሉት። የእናትሽን ነጠላ፣ ጀበናዋን፣ ፎቶዋን አስቀምጪ፣ እናትሽ እነሱ ላይ አለች። ከዚያ በኋላ በሳምንቱ ልጅሽን ቢያተኩሰው «ያ ነገር ነው» አትበዪ፤ ልጅ ያተኩሰዋል፣ ሐኪም ቤት ውሰጂው፣ ጠበልም አጠጪው።

የጨሌው ጨርቅ ሲቃጠል ቅቤው ብዙ ይጨሳል፣ መስኮት ክፈቱ።